ያኑሽ ኮርቻክ፤ ለሕፃናት ችሎት ያቆመው ሐኪም

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እየተባለ ሲተረት ሰምቶ ያላደገ ከመካከላችን ማን አለ? ተረቱ ላይ ላዩን ሲሰሙት ክፋት ያለበት አይመስልም። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን፥ ሕፃን ያሰበው፥ የተናገረው፥ የሠራውም ሁሉ ከቍጥር አይገባም የሚል ፍርድ ይዟል። ይህ ፍርድ በእኛ ሀገር ብቻ የተፈረደ አይደለም፤ በየሀገሩ መልኩን እየለዋወጠ ይነገራል። በዚሁ ፍርድ ላይ ይግባኝ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረ አንድ ሰው ነበረ። ስሙ ያኑሽ ኮርቻክ ይባላል። ሐኪም ነበረ፤ ደራሲ ነበረ፤ የእጓለ ማውታ አሳዳጊም ነበረ። ለሕፃናት የደረሳቸው ልብ ወለዶች በብዙ ቋንቋ ተተርጕመዋል። ይሁንና ስሙን የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው አሟሟቱን ብቻ ነው። እኛ ግን አሟሟቱ የሕይወቱ ፍሬ እንጂ ሥሩ አይደለም ብለን ስለምናምን፥ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን ለጓደኞቻችን ልናቀርብ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኮርቻክ የተወለደው ጁላይ 22 ቀን በዋርሶ ከተማ ነው። ዓመቱ 1878 ይሁን 1879 በርግጥ ተለይቶ አይታወቅም፤ አባቱ ልደቱን በመዝገብ ሳያስጽፍ ቈይቶ ነበርና። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሄንሪክ ጎልድሽሚት ነበረ። አባቱ ዮዜፍ ጎልድሽሚት የታወቀ ጠበቃ ነው። ቤተ ሰቡ በዘር አይሁድ ሲሆን፥ በቋንቋውና በኑሮው ግን እንደ ማንኛውም ፖላንዳዊ ነበረ።

በዚያ ዘመን ፖላንድ የሚባል ነጻ መንግሥት በካርታ ላይ አልነበረም። ሩስያ፥ ፕሩስያና ኦስትርያ ሀገሪቱን ሦስት ጊዜ ተቀራምተው በ1795 ፈጽመው አጥፍተዋት ነበር። ኮርቻክ ሲወለድ ዋርሶ በሩስያ ንጉሠ ነገሥት እጅ ነበረች። ፖላንዳውያን በ1863 ተነሥተው ከተዋጉና ከተሸነፉ በኋላ ቀንበሩ ይበልጥ ከበደ። ከዚያም የትምህርቱ ቋንቋ ሩስኛ ሆነ፤ የፖላንድ ልጅ በገዛ አገሩ፥ በገዛ ትምህርት ቤቱ፥ የእናቱን ቋንቋ እንደ ነውር እንዲደብቅ ተገደደ። ሕፃኑ ሄንሪክም ያደገው በእንደዚህ ያለው አገዛዝ ሥር ነው።

አምስት ዓመት ሲሆነው የሚወዳት ካናሪ የምትባል ወፍ ሞተችበት። በግቢው ካለ ዛፍ ሥር ሊቀብራትና በመቃብሯ ላይ የእንጨት መስቀል ሊተክልላት ሲል፥ የዘበኛው ልጅ መጥቶ ከለከለው፤ ወፏም እንደ ባለቤቷ አይሁድ ስለ ሆነች መስቀል አይገባትም ብሎ ነገረው። ሄንሪክ አይሁድ መሆኑን ከነትርጕሙ የተረዳው ያን ቀን ነው። ካደገና ከሸመገለ በኋላም ይህንን ነገር አልረሳውም፤ በመጨረሻ ዘመኑ በጻፈው የቀን ማስታወሻ ላይ መልሶ አስፍሮታል። ታላላቅ ሰዎች የሠሩት የጥላቻ ግንብ በሁለት ሕፃናት መካከል፥ በአንዲት ወፍ መቃብር ላይ፥ እንደዚህ ሆኖ ቆመ።

ትምህርት ቤቱም ከዚህ የተሻለ ነገር አላሳየውም። መምህሩ የሚፈራ እንጂ የሚጠየቅ አልነበረም። ተማሪ በልምጭ ይገረፍ ነበር፤ ኮርቻክ አንድ ጓደኛው በሌሎቹ ፊት ተይዞ ሲገረፍ ያየበትን ሰዓት እስከ ዕለተ ሞቱ በፍርሃት ያስታውሰው ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንሻው አንድ ነገር አለ። ልጁ በአንድ ጊዜ የሁለት ገዢዎች ተገዢ ነበረ፤ አንደኛው የባዕዱ ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በየቤቱና በየክፍሉ ያለው ትልቅ ሰው ነው። በዘመኑ የነበሩ አርበኞች የመጀመሪያውን ብቻ ሲያዩ፥ ይህ ልጅ ሁለቱንም አየ። የሥራው ሁሉ ምንጭ ይህ እንደ ሆነ እናምናለን።

አባቱ አእምሮው ታውኮ ለብዙ ዓመታት ከታመመ በኋላ በ1896 ሞተ። ሀብቱም በሕክምናው አለቀ። ተማሪው ሄንሪክ የሀብታም ልጆችን በየቤታቸው እየዞረ በማስጠናት እናቱንና እኅቱን መርዳት ጀመረ። በ1898 ለአንድ የቴአትር ድርሰት ውድድር ጽሑፉን ሲያስገባ፥ ዮዜፍ ክራሼቭስኪ ከተባለው የፖላንድ ደራሲ ልብ ወለድ ውስጥ የአንዱን ባለታሪክ ስም ተዋሰ። የባለታሪኩ ስም ያናሽ ኮርቻክ ነበረ፤ አታሚው በስሕተት ያኑሽ አደረገው ይባላል። እንዲያም ሆነ እንዲህ፥ ዓለም የሚያውቀው በዚህ በተዋሰው ስም ነው።

በዚያው ዓመት ወደ ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና አጠና። ተማሪ ሳለም በድኾች ሰፈር እየተመላለሰ የጐዳና ልጆችን ኑሮ ያጠና ነበር። በ1901 የመንገድ ልጆች፥ በ1906 ደግሞ የሳሎን ልጅ የሚባሉ ሁለት መጻሕፍት አሳተመ፤ አንደኛው ስለ ድኻው ልጅ፥ ሁለተኛው ስለ ባለጸጋው ልጅ የሚናገር ነው። ትምህርቱን ጨርሶ በዋርሶ በሚገኝ አንድ የአይሁድ የሕፃናት ሆስፒታል ተቀጠረ፤ ወዲያውም የሩስያና የጃፓን ጦርነት ስለ ነበረ በሐኪምነት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተልኮ ተመለሰ። ስሙ በሐኪምነትም በደራሲነትም እየገነነ ሄደ። ከባለጸጎች ከፍ ያለ ዋጋ እየተቀበለ ድኾችን በነጻ ያክም ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ወደ ፊት የሚጠብቀው ሀብትና ክብር ነው። እርሱ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ሐኪም የታመመውን ልጅ አድኖ ይልከዋል፤ ልጁም ወደዚያው ረኀብ፥ ወደዚያው ዱላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከመድኀኒቱ በፊት ኑሮውን ማከም ያስፈልጋል ወደሚል አሳብ ደረሰ። በ1912 ስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ከምትባል መምህርት ጋር ሆኖ፥ በዋርሶ ከተማ በክሮክማልና መንገድ ቍጥር 92 የአይሁድ እጓለ ማውታ የሚያድጉበትን ቤት ከፈተ። በቤቱ አንድ መቶ ያህል ልጆች ይኖሩ ነበር። እርሱ ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልወለደም። የቤቱን የዕለት ተዕለት ሥራ፥ ቀለቡን፥ ልብሱን፥ ንጽሕናውን ያለ ድካም የምትመራው ስቴፋኒያ ነበረች፤ ብዙ ጸሐፊዎች ኮርቻክን ሲያመሰግኑ እርሷን ይዘነጓታልና እኛ ልንዘነጋት አንፈልግም።

በዚህ ቤት የተሠራው ነገር በጊዜው እንግዳ ነበረ። ልጆቹ የራሳቸው ጋዜጣ፥ የራሳቸው ሸንጎ፥ ከሁሉም በላይ የራሳቸው ፍርድ ቤት ነበራቸው። የችሎቱ አሠራር እንዲህ ነው። የተበደለ ልጅ ሁሉ የበዳዩን ስም በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። በየሳምንቱ፥ በዚያ ሳምንት ክስ ከሌለባቸው ልጆች መካከል አምስቱ በዕጣ ወጥተው ዳኞች ይሆናሉ። አሳዳጊው በጸሐፊነት ይቀመጣል እንጂ በፍርዱ ድምፅ የለውም። የሚፈርዱበትም ሕግ ተጽፎ ተቀምጧል። ከአንቀጽ 1 እስከ አንቀጽ 99 ያሉት ሁሉ ይቅር የሚሉ ወይም ክሱን የሚዘጉ ናቸው፤ ከአንቀጽ 100 ወዲያ ጥፋተኝነቱ ይታወጃል፤ ቍጥሩ በጨመረ መጠን ወቀሳው ይከብዳል፤ የመጨረሻው አንቀጽ 1000 ከቤቱ ያስወጣል። በዱላ የሚቀጣ አንቀጽ ግን ፈልጎ የሚያገኝ የለም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው፥ ልጆቹ አሳዳጊዎቻቸውንም መክሰስ መቻላቸው ነው። ኮርቻክ ራሱ በግማሽ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ በዚህ ችሎት ፊት ቀርቧል። የቤቱ ባለቤት፥ ባለ ዲፕሎማው ሐኪም፥ ስመ ጥሩው ደራሲ፥ በዐሥርና በዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ፊት ቆሞ ፍርዱን ተቀበለ። ይህን ያደረገው ለጨዋታ አልነበረም። ሕግ ማለት ትንሹን ብቻ የሚያስር ገመድ ከሆነ ሕግ አይደለም፤ ትልቁንም ሲይዝ ነው ሕግ የሚሆነው። ይህን ትምህርት ልጆቹ ከመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናቸው አይተው ተማሩት።

ቤቱ ሌሎች ልማዶችም ነበሩት። አዲስ ገቢ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከታላላቆቹ አንዱ ሞግዚት ይሆንለት ነበር። አፉን ከፍቶ መናገር የሚያፍር ልጅ አሳቡን ጽፎ የሚጥልበት የደብዳቤ ሣጥን ተሰቅሏል። ጥርሱ የወለቀለት ሕፃን ጥርሱን ለዶክተሩ ይሸጥለታል። ተደባዳቢ የሆነው ልጅ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚጣላ ከዶክተሩ ጋር ይወራረዳል፤ ቀንሶ ከተገኘ ከረሜላ ያገኛል። ኮርቻክ ልጅ በአንድ ቀን መልአክ እንዲሆን አልጠበቀም፤ ዛሬ ከትናንት እንዲሻል ብቻ ጠየቀ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በሩስያ ጦር ውስጥ በሐኪምነት ዘመተ። በጦር ሜዳ ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ ልጅን እንዴት መውደድ እንደሚገባ የሚያስረዳውን ታላቅ መጽሐፉን መጻፍ ጀመረ። በ1918 ፖላንድ ከመቶ ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ነጻነቷን መልሳ አገኘች። እርሱም በ1919 ማርያ ፋልስካ ከምትባል አስተማሪ ጋር በመተባበር ለክርስቲያን ፖላንዳውያን ልጆች የሚሆን ሁለተኛ ቤት አቋቋመ። በ1920 ፖላንድ ከሶቪየት ጋር ስትዋጋ ዳግመኛ በሐኪምነት አገለገለ፤ በተስቦ ተይዞ ሲታመም እናቱ አስታመመችው፤ እርሱ ዳነ፤ እርሷ ግን በሽታው ተላልፎባት ሞተች። ይህ ኀዘን ከልቡ አልወጣም።

የሀገሪቱ ነጻነት ገና ለጋ ሳለ፥ በ1923፥ ቀዳማዊ ንጉሥ ማቹሽ የተባለው ልብ ወለዱ በሕፃናት እጅ ገባ። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ያወጣው ፎቶግራፍ የሸመገለውን ዶክተር ሳይሆን የልጅነት መልኩን የሚያሳይ ነው፤ ታሪኩን የሚፈልገው ያ ልጅ ነውና። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ንጉሥ ሲሞት ሕፃን ልጁ ማቹሽ ይነግሣል። ሚኒስትሮቹ በስሙ እየገዙ እርሱን እንደ አሻንጉሊት ያስቀምጡታል። ጦርነት ሲነሣ ማቹሽ ፌሌክ ከሚባል ጓደኛው ጋር ከቤተ መንግሥት ጠፍቶ፥ ንጉሥነቱን ደብቆ፥ እንደ ተራ ወታደር ይዘምታል። ተመልሶም ሥልጣኑን በእጁ ያደርጋል፤ ለሕፃናትም የተለየ ፓርላማ፥ የተለየ ጋዜጣና አረንጓዴ ሰንደቅ ዓላማ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ተራ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በደስታ ኖሩ ብሎ ይጨርስ ነበር። ኮርቻክ ግን ለሕፃናት መዋሸትን አልወደደም። የልጆቹ ፓርላማ ትልልቆቹ ወደ ትምህርት ቤት ይሂዱ፥ ልጆች የእነርሱን ሥራ ይሥሩ ብሎ ይወስናል። ባቡር ይጋጫል፤ ሥራ ይበላሻል፤ ሀገር ይታወካል። የጋዜጣ ሰው መስሎ የገባ ሰላይም ነገሩን ያቀጣጥላል። ጠላቶች ከተማይቱን ይወራሉ፤ ማቹሽም ተይዞ ሞት ይፈረድበታል። በወርቅ ሰንሰለት ታስሮ ራሱን ቀና አድርጎ በከተማው መንገድ እየሄደ ወደ መረሸኛው ቦታ ይወሰዳል፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ፍርዱ ተለውጦ ሰው ወደሌለበት ደሴት ይጋዛል።

ይህ መጽሐፍ ስለ ሁለት ነገር የሚያስተምር ይመስለናል። አንደኛ፥ ጨቋኝ አገዛዝ ክፉ የሚሆነው ክፉ ሰው ስለ ያዘው ብቻ አይደለም፤ የሚገዙት ሰዎች ቃል ስለማይሰማም ነው። ሁለተኛ፥ ነጻነት በአዋጅ ብቻ አይገኝም። ማቹሽ ልቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን አንድም ቀን ሳይጠየቁ ያደጉ ልጆች በአንድ ማለዳ ሀገር ይምሩ ቢባሉ አይችሉም። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ሳያለማምድ ያሳደጋቸው ሥርዐት ነው። በክሮክማልና መንገድ ያለው ትንሽ ችሎት ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበረ፤ ልጁ ገና ልጅ ሳለ በራሱ ጋዜጣ መጻፍን፥ በራሱ ዳኛ መዳኘትን፥ ይቅር ማለትን ይለማመድ ማለት ነው።

ደራሲውን ስለምናከብር ጕድለቱን እንሸፍን ማለት ግን አይገባንም። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ማቹሽ ወደ አፍሪካ ሄዶ ቡም ድሩም የሚባል ንጉሥ ይጐበኛል፤ የንጉሡም ሰዎች ሰው በላዎች ተደርገው ተሥለዋል። ይህ የዚያ ዘመን ኤውሮፓ ያለ ምርመራ ሲቀባበለው የኖረ የቅኝ ገዢዎች ተረት ነው። የሕፃናትን መናቅ ዕድሜውን ሙሉ የተቃወመ ሰው የሌላውን አህጉር መናቅ ሳያስተውለው በብዕሩ አለፈ። እኛ አፍሪካውያን አንባቢዎች ይህን ስናነብ ቅር ይለናል፤ ቅር ማለታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ፍርዱ ሙሉ እንዲሆን ሌላውንም ወገን መናገር አለብን። የቡም ድሩም ልጅ ክሉ ክሉ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ልጆች ሁሉ ብልኅና ደፋር ሆና ቀርባለች፤ ለማቹሽም በቤተ መንግሥቱ ካሉት ብዙዎች ይልቅ የታመነች ወዳጁ እርሷ ናት። የራሱ ተረት ከራሱ ዘመን ጭፍንነት በግማሽ መንገድ አምልጦ ወጥቷል፤ ሙሉ በሙሉ አላመለጠም።

በ1926 ደግሞ ትንሹ መጽሔት የሚባል የሕፃናት ጋዜጣ መሠረተ። ጋዜጣው ናሽ ፕሸግሎንድ ከሚባለው የአይሁድ ዕለታዊ ጋዜጣ ጋር በየዓርቡ የሚወጣ ሲሆን፥ ጸሐፊዎቹ ከየከተማው ደብዳቤና ወሬ የሚልኩ ልጆች ነበሩ። ስለ ትምህርት ቤታቸው፥ ስለ ድኽነታቸው፥ ስለ ደረሰባቸው ስድብ ጻፉ። እኛ ይህችን መጽሔታችንን በማባዣ እያባዛን የምናወጣ ተማሪዎች፥ የዐሥር ዓመት ልጅ ቃሉ ታትሞ ሲያይ የሚሰማውን ስሜት ለመገመት አንቸገርም። ጋዜጣው ለዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ወጣ፤ የመጨረሻው ዕትም የወጣው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጀርመን ፖላንድን በወረረበት ዕለት ነው።

ከ1934 ጀምሮ ኮርቻክ ሽማግሌው ዶክተር በሚል ስም በፖላንድ ሬዲዮ ለልጆች ይናገር ነበር። ቀልዱና ርኅራኄው በየቤቱ ተወደደለት። ዳሩ ግን ነጻ በወጣችው ፖላንድ ውስጥም በአይሁድ ላይ ያለው ጥላቻ እየገነፈለ ሄደ፤ በ1936 ፕሮግራሙ ተቋረጠ። በ1938 እንደ ገና በሬዲዮ ቢሰማም፥ ዘመኑ እየከፋ መምጣቱን ሁሉም ያውቅ ነበር። በ1934ና በ1936 ወደ ፍልስጥኤም ሄዶ ጐበኘ፤ እዚያ ለመኖርም አሰበ፤ ልጆቹን ትቶ መሄዱ ግን አልሆነለትም።

ጀርመኖች ዋርሶን ከያዙ በኋላ አይሁድ ሁሉ በክንዳቸው ላይ ምልክት ያለበት ጨርቅ እንዲያስሩ አዘዙ። ኮርቻክ አላስርም አለ፤ የፖላንድ መኰንን የደንብ ልብሱንም አላወለቀም። በኖቬምበር 1940 የከተማው አይሁድ በግንብ በታጠረ ጌቶ በተባለ ሰፈር ተጨምቀው እንዲኖሩ ተደረገ። ከ400,000 በላይ ሰዎች በዚያ ጠባብ ቦታ ታጐሩ። የክሮክማልናው ቤት ከአጥሩ ውጭ ስለ ነበረ ልጆቹ ለቀው ወደ ውስጥ እንዲገቡ ታዘዙ። ሲገቡም ድንች የጫነው ጋሪያቸው ተወረሰባቸው። ኮርቻክ ለልጆቹ ድንች ሊከራከር፥ ምልክቱን ሳያስር በደንብ ልብሱ እንደ ሆነ ወደ ጀርመን ሹማምንት ሄደ፤ ደብድበው በፓቪያክ ወኅኒ ቤት አሰሩት። የቀድሞ ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተው አስፈቱት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የረኀብ ጊዜ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው፥ እግሩ ያበጠ፥ ልቡ የደከመ ሽማግሌ ጆንያ ይዞ በየደጁ እየዞረ ለሁለት መቶ ልጆች ቀለብ ለመነ። ይህም ሳይበቃው በ1942 መጀመሪያ፥ አንድ ሺሕ ያህል የተጣሉ ሕፃናት በረኀብና በቈሻሻ በሚያልቁበት በዴልና መንገድ መጠለያ ለመሥራት በገዛ ፈቃዱ ጠየቀ። በእነዚህ ወራት ሁሉ በእጓለ ማውታው ቤት ችሎቱ ይቀመጥ ነበር፤ ትምህርቱ ይቀጥል ነበር። ጁላይ 18 ቀን 1942 ልጆቹ የህንዱን ደራሲ የራቢንድራናት ታጎርን ፖስታ ቤት የተሰኘ ቴአትር ተጫወቱ። ቴአትሩ በአልጋው ሆኖ የንጉሡን ደብዳቤ እየጠበቀ በሰላም ስለሚሞት የታመመ ልጅ የሚናገር ነው። ኮርቻክ ይህን ለምን እንደ መረጠ ለመገመት አያስቸግርም።

ከአራት ቀን በኋላ፥ ጁላይ 22፥ ከጌቶው ሰዎችን እየጫኑ ወደ ትሬብሊንካ መውሰድ ተጀመረ። እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ከ250,000 በላይ ሰዎች ወደዚያ የሞት ሰፈር ተጋዙ። ከግንቡ ውጭ ያሉ ወዳጆቹ፥ ከእነርሱም መካከል ኢጎር ኔቨርሊ የሚባለው ደራሲ፥ እርሱን የሚያስመልጡበትን መንገድ አዘጋጅተው ነበር፤ እምቢ አለ። የማስታወሻው የመጨረሻ ገጽ የተጻፈው ኦገስት 4 ቀን ነው። በመስኮት ያሉትን አበቦች ውኃ ሲያጠጣ ከታች አንድ ጠመንጃ የያዘ የጀርመን ዘበኛ ቆሞ እንደሚያየው ጽፏል፤ ይህ ሰው በሰላሙ ጊዜ ምን ነበር ይሆን፥ ምናልባት የመንደር አስተማሪ ይሆን እያለ ያስባል። ሞቱን በሚጠባበቅበት ሰዓት እንኳ ጠላቱን ከሰው ቍጥር አላወጣውም።

በኦገስት የመጀመሪያ ሳምንት ወታደሮች መጥተው ቤቱን ከበቡ። ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ልጆች በሰልፍ ወጡ፤ ኮርቻክ፥ ስቴፋኒያ ቪልቺንስካና ሌሎች ሠራተኞችም አብረው ወጡ። በጌቶው መንገድ አቋርጠው ወደ ባቡር መጫኛው አደባባይ ሄዱ። ስለዚህ ሰልፍ ያዩ ሰዎች የተናገሩት ይለያያል፤ አንዳንዶቹ ልጆቹ የንጉሥ ማቹሽን አረንጓዴ ሰንደቅ ይዘው ነበር ይላሉ። ሁሉም የሚስማሙበት ነገር ግን አንድ ነው፤ ዶክተሩ ከልጆቹ አልተለየም። ከትሬብሊንካ ከእነርሱ አንድም የተመለሰ የለም።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ በዓመፅ በተሞላ ዓለም ለልጆች ፍትሕን ማስተማር ምን ጠቀማቸው? ከግንቡ ውጭ ዳኛ በሌለበት፥ ከግንቡ ውስጥ ችሎት መቀመጡ ከንቱ ጨዋታ አይደለምን? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ቀላል አድርገን ልናልፈውም አንፈልግም። ኮርቻክ ልጆቹን ከሞት አላዳናቸውም። ችሎቱ አንዲት ነፍስ አላስተረፈም። ነገር ግን ጨቋኙ የሚፈልገው ሥጋን መግደል ብቻ አልነበረም፤ ከመግደሉ በፊት ሰዎቹ ሰው አለመሆናቸውን ራሳቸው እንዲያምኑ ይፈልግ ነበር። በዚያ ቤት ያደገ ልጅ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ድረስ በደልን በደል ብሎ የመጥራት፥ የመክሰስ፥ ተራው ሲደርስም የመፍረድ መብት ያለው ሰው ሆኖ ኖረ። ይህን ጨቋኙ ሊወስድበት አልቻለም።

ሥራውም በትሬብሊንካ አልቀረም። ማስታወሻው በማርያ ፋልስካ ቤት በግንብ ውስጥ ተደብቆ ተረፈ፤ በ1958 ታተመ። በ1978 የፖላንድ መንግሥት የሕፃናትን መብት የሚያስከብር ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲደረግ ለተባበሩት መንግሥታት አሳብ አቀረበ፤ ለዚህ አሳብ ከምንጮቹ አንዱ የኮርቻክ ትምህርት ነው። ስምምነቱም በ1989 ጸደቀ። ትሬብሊንካ በነበረበት ቦታ ዛሬ 17,000 ያህል ድንጋዮች ቆመዋል፤ ብዙዎቹ የጠፉትን ከተማና መንደሮች ያስታውሳሉ። የአንድ ሰው ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የያኑሽ ኮርቻክና የልጆቹ መታሰቢያ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ከእኛ መካከል አንዱ ነገ መምህር ይሆናል፤ አንዱ ዳኛ፥ አንዱ ሹም፥ አብዛኞቻችንም ወላጆች እንሆናለን። ያን ጊዜ እያንዳንዳችን በእጃችን ትንሽ መንግሥት ይገባል፤ ክፍልም ይሁን፥ ቢሮም ይሁን፥ ቤትም ይሁን። ጭቈናን በአደባባይ ማውገዝ ለእኛ ለተማሪዎች አዲስ ነገር አይደለም፤ በቃል ጠንካሮች ነን። ኮርቻክ የሚጠይቀን ግን ከዚያ የጠበበና የከበደ ነገር ነው። በትንሹ መንግሥታችን ውስጥ ከእኛ የሚያንሰው ሰው ስማችንን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ሊከሰን ይችላልን? ቢከሰንስ ቀርበን እንቆማለንን? ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ፥ ስለ ነጻነት ከምንናገረው ንግግር ሁሉ ይልቅ ማንነታችንን ይገልጣል።